አንተ የሰካኸው ሶኬት

ይድረስ ለእህቴ ልጅ። ያለህበት አገር እንደ እናት ጓዳ ይመችህ። እኛ ደህና ነን፤ እኔም ከሆዴ መግፋት በቀር ምንም አልሆንኩም።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ መጣና የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ቴሌቪዥን አቃጠለው። "ከእንግዲህ እኔና ሚስቴ ምን እያየን ልንኮራረፍ ነው?" ብሎ አሳቀን።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የእናትህ ፍሪጅ ነው፤ የስኳር መድኃኒቷ የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ ነው። "መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀዪ፤ ሲመጣም እስኪረጋ ትንሽ ቆይተሽ ሰኪው" ብላት፣ "ልጄ ሊሄድ ሲል በእጁ ሰክቶ 'እንዳትነኪው' ብሎኛል፤ አንተ ደግሞ ማን ነህ?" አለችኝ። ታላቅ ወንድሟ መሆኔን ባስታውሳትም "እሱማ ድሮ ነው" አለች። የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥን ስታብላይዘር ገዝቼ መጣሁ፤ እሱን ለማስገባትም መንቀል ያስፈልጋልና አላስነካ አለችኝ። አሁን ስታብላይዘሩ ላይ ድመቷ ትተኛበታለች።

እባክህ ልጄ፣ ስትደውል ሰላምታውን አሳጥረህ "እማዬ፣ አጎቴ ይንቀለው" በላት። ካንተ አፍ ካልሰማች አትሰማም።

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ ይህ ሶኬት ግን ይነቀል።

አጎትህ