አንድ ብሎን ለመቸርቸር ሰባት ዓመት የተመላለሱት አባታችን

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ብሎን» የሚላቸው አባታችን፣ ከልብስ ሰፊዋ እናታቸውና ከድንበር ማዶ ከመጡት የጭነት መኪና ሾፌር አባታቸው፣ እዚሁ ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። በዚያን ጊዜ ልጅ የሚመዘገበው በአባቱ ዜግነት ነበርና፣ ከዚህ ከተማ ሌላ አገር የማያውቁት ሰው በወረቀት የውጭ ዜጋ ሆኑ። ወረቀቱም ለረጅም ዘመን ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ማንንም አላስቸገረም።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው በመኪና አደጋ ሲያርፉ የእናታቸው ስፌት ብቻውን ቤቱን መሸከም አቃተው። ስለዚህ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው የሕንፃ መሣሪያ መጋዘን ውስጥ በተሸካሚነት ተቀጠሩ፤ የብሎን ልክ በጣታቸው ዳስሰው መለየት የጀመሩት እዚያ ነው። በሃያ ስምንት ዓመታቸው የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ሆኖም አንድ ቁራጭ ዕቃ ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ የዋለ ሰው በመጨረሻ የሚላከው ወደ እሳቸው ነበር።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ከመምህርት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ቁጡ ነበሩ፤ ይህን መደበቅ እሳቸውንም አያስደስታቸውም። ያዋሱት መፍቻ ካልተመለሰ ሰላምታ ይነሱ ነበር። ግን የተቆጡትን ሰው ማታውኑ ቤቱ ድረስ ሄደው «ምሳ ሳልበላ ነው የተናገርኩህ» ይሉት ነበር።

ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላቸው አዲስ ደንብ ወጣ። የውጭ ዜጋ በችርቻሮ መነገድ የሚችለው ሰፊ መደብርና ብዙ ሠራተኛ ሲኖረው ብቻ ነው፤ ያለዚያ ወደ ጅምላ ይዙር ተባለ። ዜግነት እንዳይጠይቁ፣ በቅድሚያ የአባታቸው አገር «ከዜግነታችን ለቀናቸዋል» ብሎ መጻፍ ነበረበት። ያ አገር ደግሞ «በመዝገባችን የሉም» ሲል መለሰ። ሱቁ በእናታችን ስም ይዙር ቢባል፣ በንግድ ቢሮው የመስኮት ሦስት ጸሐፊ «የባልና ሚስት ሀብት አንድ ስለሆነ የውጭ ዜጋ ድርሻ አለበት» አለ። እናታችን መስኮቱን በጣቷ አንኳኳች።

«እሱ በእኔ ዜጋ ካልሆነ፣ እኔ እንዴት በእሱ የውጭ ሰው ሆንኩ?»

ጸሐፊው «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

አማራጭ ሲያጡ የጅምላ ፈቃድ አወጡ። ከዚያ ወዲያ ካርቶን ሙሉ ካልሆነ መሸጥ አይችሉም። በስድስተኛው ወር የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ እየሮጠች መጣች።

«ጋሼ፣ የማዋለጃ አልጋው እግር ወለቀ! አንዲት ብሎን፣ በሞቴ!»

ካርቶኑን ቀደው አንድ አወጡ፤ ሳንቲሟን ተቀበሉ። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ይሄ ሽያጭ ነው ስጦታ?» አላቸው።

«ሽያጭ ነው» አሉ።

ሱቁ የዚያኑ ዕለት ታሸገ። ማታ እናታችን «በነፃ ሰጠኋት ብትል ምን ነበረበት?» ብትላቸው፣ «በሃምሳ አምስት ዓመቴ ለአንድ ብሎን ልዋሽ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ደጅ ጥናት ነው። መስኮት ሁለት የኪራይ ውል አምጡ ይላል። ውሉ ሲመጣ፣ የታሸገ ቤት ውል አይታደስም ይባላል። ከወንጀል ነፃ መሆንዎን ኤምባሲዎ ያረጋግጥ ተባሉ፤ ኤምባሲው ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። «የተዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከኤምባሲው ያምጡ» ያላቸውም ሰው ነበር። ሲናገር አልሳቀም። በዚያ ዘመን ቤቱ በእናታችን ደሞዝ ቆመ፤ ታላቅ እህታችን ትምህርቷን አቋርጣ ሥራ ገባች። አባታችን ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው ለመሥሪያ ቤቱ ይቅር አላሉም።

በአራተኛው ዓመት ግን ብቻቸውን መመላለሱን ተዉት። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ እሳቸው የሚንገላቱ አንድ ሰዓት ጠጋኝና አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የትኛው መስኮት ምን እንደሚጠይቅ በደብተር እየጻፉ አስረዷቸው፤ ሌሎችም ተጨመሩ። አሥራ ዘጠኝ ሆነው አንድ አቤቱታ ፈረሙ፤ የሚመለከተው ቦርድ ሁለት ጊዜ መለሰው፣ በሦስተኛው ተቀበለው። እዚሁ ተወልዶ ሃያ ዓመት የነገደ ሰው በትንሽ ሱቅም ይቸርችር ተባለ። ፈቃዱ እጃቸው ሲገባ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነበር።

ቤት ሲገቡ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ሁለተኛ ልጃቸው «አባዬ፣ እንኳን ደስ አለህ!» አለቻቸው።

«ምኑ ነው ደስታው?» አሉ፤ ጫማቸውን እያወለቁ። «የነበረኝን ነው የሰጡኝ። ሰባት ዓመቴን ደግሞ የትኛው መስኮት ነው የሚመልሰው?»

ሆኖም በማግስቱ ማለዳ ሱቁን ከፍተው አቧራ ሲጠርጉ ተገኙ። ለአምስት ዓመት ሠሩ።

በስድሳ ስድስት ዓመታቸው የኩላሊት ሕመም ያዛቸው። የሆስፒታሉ መዝጋቢ ዜግነታቸውን ጠይቃ የውጭ ዜጋ መሆናቸውን ስትጽፍ፣ «እሺ ልጄ፣ መርፌውን በጅምላ ነው በችርቻሮ የምትወጉኝ?» ብለው ክፍሉን አሳቁት። ሕክምናው አንድ ዓመት ቢያቆያቸውም፣ ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እጃቸው በእናታችን እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ለቀብሩ ፈቃድ የሄደው ወንድማችንም የአባቱን አባት የመግቢያ ሰነድ ተጠይቆ አንድ ቀን ሙሉ ተመላልሷል። ስለዚህ ዛሬ እዚህ የቆምነው ባረፉ በሁለተኛው ቀን ነው።

ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር አብራቸው የኖረች ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ያስታመማችሁልንና አብራችሁን ያለቀሳችሁ ሁሉ ክፉ አይንካችሁ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን «ከየት ነህ?» ሳይል ይቀበልልን፤ እዚያስ እንደ አገሬው ሰው ይረፉ።