የዳለቻ ገመድ

ጨፋ ሮቢት
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለአቡበከር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ሰዒዳም ደህና ናት፤ ብርድ ሲመጣ ብቻ ጉልበቷን ያማታል። «ከየመን ልሻገር ነው» ብለህ ከደወልክ ወዲህ ድምፅህን አልሰማንም። እህትህ ከውሰር በስልክ ብትጽፍልህም አልከፈትከውም አለችኝ። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ አብዶ ወደ ጅዳ ሲመለስ ይህን ወረቀት እሰጠዋለሁ። የእኛን አገር ልጆች እየጠየቀ እንዲፈልግህ አደራ ብዬዋለሁ።

ልጄ፣ አጥፍቻለሁ። ዳለቻን ሸጥኩት። ከጥጃነቱ ያሳደግከው ያንተ በሬ መሆኑን ረስቼ አይደለም። ጓደኛው ከሞተ ወዲህ ያለ ጥማድ ቆመ፤ እኔም እርፍ የምጨብጥበት ጉልበት ከዳኝ። ብትደውል ኖሮ አስፈቅድህ ነበር።

የገዛው ኸይረዲን የሚባል የከሚሴ ወጣት ነው፤ ከብት እያደለበ ይሸጣል። ደንቡን ታውቃለህ። ዱዓ ተደርጎ ገበያው ሲያልቅ ሻጭ ገመዱን ፈትቶ ይይዛል፣ ገዢ በራሱ ገመድ ይነዳል። ከብት ይሸጣል እንጂ ገመድ አይሸጥም፤ ከተሸጠ የቤት በረካ ይዞ ይሄዳል። እኔ ግን ዳለቻ ዞሮ ሲያየኝ እንባዬ መጣ። ሽማግሌ ገበያ መሀል ሲያለቅስ እንዳይታይ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። መለስ ስል የሉም፤ ከነገመዱ መኪና ላይ ጭኖት ሄዷል። ያውም ልትሄድ ሰሞን አንተ የገመድከውን፣ ከእናትህ መቀነት ቀይ ክር ያስገባህበትን።

እናትህ ባዶ እጄን አይታ «ገመዱሳ የታለ?» አለች። ገዢው ይዞት እንደሄደ ነገርኳት።

«ያቡበከርን ገመድ? ወይኔ! እንግዲህ ልጄን ምን ስቦ ይመልሰው?»

ዝምታህ ከገበያው በፊት የጀመረ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ አልሰማችኝም። ሁሉንም በገመዱ አሳበበች። እህል እንቢ ስትል ጊዜ በሚኒባስ ከሚሴ ሄድኩ፤ ባጃጅ እያዞረኝ የኸይረዲንን ግቢ አገኘሁ።

«አካም ጅርቱ አባ! ደህና ነዎት?» ብሎ ተቀበለኝ። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቀ። «ለዚች ገመድ ነው ከሮቢት የመጡት? አዲስ ናይለን ልግዛልዎ።»

«ወላሂ፣ የሸጥኩልህ በሬ ነው። ገመዱን አልሸጥኩም» አልኩት። «ልጄ የገመደው ነው።»

ሳቁን ተወ። «አፉ ይበሉኝ አባ፣ አላወቅኩም። ይኸው፣ ራስዎ ይፍቱት።»

ዳለቻ እጄን አሸተተ። ገመዱን ስፈታለት ወደ ቤት የምወስደው መስሎት ተከተለኝ። በሩ እስኪዘጋበት ድረስ ተከተለኝ፣ ልጄ። አንድ በሬ ሁለቴ ከዳሁ።

እናትህ ገመዱን ስታይ እልል አለች። ምሰሶው ላይ ራሷ ሰቀለችው። «በቃ፣ አሁን ይደውላል» ብላ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ይህን ስጽፍልህም እንደዚያው ናት።

ባልመልሰው ይሻል ነበር መሰለኝ። ገመዱ ከሚሴ ሳለ ያልደወልከው በእኔ ጥፋት ነበር፤ እኔን ትቆጣ ነበር፣ እኔም እችለው ነበር። አሁን ገመዱ ቤቱ ገብቷል። «ታዲያ ለምን አልደወለም?» ስትለኝ ምን እላታለሁ?

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ። ከውሃ ጥምም ከባሕርም ያውጣህ፣ ለአገርህ አፈር ያብቃህ። እኔን ብትቀየመኝም ለእሷ ደውል።

አባትህ
ኑርሁሴን

አብዶ ካላገኘህ ወረቀቱን መልሶ እንዲያመጣው ነግሬዋለሁ። ለእኔ ብቻ፣ እናትህ በሌለችበት።