ድንቡሼን አልሰጥም

ለምወድህ አባዬ፦

እንዴት ነህ? ብርዱ ጉልበትህ ላይ አልጠናም? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ሰው ስለሚበዛባት ብቻ ይደክማታል። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይሄዳል። እኔ አብሬ አልቀመጥም፤ ሥራ አለብኝ።

ሥራዬ ጉማሬህ ድንቡሼ ናት። አንተ ከዘመትክ በኋላ ከምትሠራበት የእንስሳት ማቆያ አንበሶቹንና ጦጣዎቹን ሲያሸሹ፣ እሷን የሚችል መኪና ጠፋና ከሽማግሌው ዘበኛ ጋር ቀረች። የውሃ መሳቢያው በቦምብ ተመትቶ ገንዳው ሲደርቅ፣ ቆዳዋ ዝናብ እንደራቀው መሬት ተሰነጣጠቀ። ስለዚህ ከትምህርት ቤታችን ጉድጓድ በጀሪካን እየቀዳሁ በአጥሩ ብረት በኩል አፈስባታለሁ። መጀመሪያ ቀን ያንን አፏን ስትከፍትብኝ ጀሪካኑን ጥዬ ሮጥኩ፤ አልዋሽህም፣ አለቀስኩም። አሁን ግን ያንተን ፉጨት ስለተማርኩ ገና ሳፏጭ እያጉረመረመች ትመጣና ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ጆሮዋን ስታራግፍ ፊቴ ሁሉ ጭቃ ይሆናል።

ማክሰኞ አንድ የመቶ አለቃ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣ። አጥሩ በቦምብ ቢፈርስ ሰው ትፈጃለችና ትገደል ተብሏል አለ። ይህን ስሰማ በፉጨት ጠርቼ ማደሪያዋ አስገባኋትና የብረት በሩን በዘበኛው ቁልፍ ቆለፍኩት። ቁልፉን ካልሲዬ ውስጥ ከተትኩ።

ቁልፉን አምጪ የኔ ልጅ፣ አለኝ። አላመጣም አልኩት። ትእዛዝ እኮ ነው አለኝ። እኔም የአባቴ ትእዛዝ አለብኝ፣ መጥቶ ድንቡሼስ ሲለኝ እርስዎ ይመልሱልኛል? አልኩት። ወታደሮቹ ሳቁ። አባትሽ የት ነው ሲለኝ ግንባር ነው አልኩት። ያኔ ዘበኛው ጠጋ ብሎ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከለት። ምን እንዳለው አልጠየቅኩም። የመቶ አለቃው ቆቡን አወለቀ። ከዚያ በቀን ስንት ጀሪካን ይበቃታል አለኝ። አርባም አይበቃት፣ እሷ እንደኛ መሰለችዎት? አልኩት።

በማግስቱ የጦሩ ቦቴ ውሃ ጭኖ መጣ። የመቶ አለቃውን፣ አለቆችዎ ቢቆጡስ ስለው፣ ቁልፉ ጠፋ እላለኋ አለኝ። ድንቡሼ ገንዳው ውስጥ ዘፍ ስትል ውሃው ሁላችንንም አለበሰን፤ ልታይ የመጣችው እማዬ እንኳ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

ይህን ስጽፍ አይታ፣ የት ልትልኪው ነው ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። አድራሻውን አውቀዋለሁ አልኳት። ባለፈው ሰሞን ከግንባር የመጡት ሰዎች ለእማዬ የሰጧት ወረቀት ላይ ስምህ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ አንብቤዋለሁ። ስምህን እንኳ በቅጡ የማያውቁ ሰዎች ስለ አንተ ምን ያውቃሉ?

ፈጣሪ ከፊትህ ይቅደም፣ ከኋላህም ይከተልህ። ጥይቱ ሁሉ ይሳትህ። መልስህን እጠብቃለሁ።

እምቢ ያለችው ልጅህ