ለመስፍኔ፦ ያረፍኩባቸው ሦስት ሳምንታት

ውዴ መስፍኔ፣

እንደምን ከረምክ ልልህ ብዕሬን አነሳሁና መልሼ ተውኩት፤ ካለህበት ክፉ ነገር እንደማይደርስ አምናለሁ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስከዛሬ ያልጻፍኩልህ የምለው አጥቼ አይደለም። ለመጻፍ መቀመጥ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ ፈርቼ ነበር።

አሁንም ኡንተርሊደርባህ ሠፈር፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። የፖስታ ቁጥራችን ከአራት አሃዝ ወደ አምስት ተቀይሯል፤ ወንድምህ በድሮው ቁጥር የላከው ደብዳቤ ስንት ቦታ ዞሮ ደረሰን። ሳሎኑን ቢጫ ቀብተነዋል። የሊዲያ ምርጫ ነው፣ አንተ ብትኖር እሺ አትልም ነበር። ልጅህ አሥር ዓመት ሞላት። ቁመቷም እግሯም ያንተ ነው፤ ጫማ አይበረክትላትም። እኔ በአማርኛ ሳናግራት እሷ በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ እንዲህ ሆነን እንግባባለን። ማለት፣ የምንግባባ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬም ያው ኦስትኤንድ ሠፈር ያለው የአረጋውያን መጦሪያ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን ሥራ ሳይሆን መደበቂያ አደረግሁት። የታመመ ሠራተኛ ቢኖር፣ ልጇን የምትድር ብትኖር፣ ተክቼ የምገባው እኔ ነኝ። እሁድም ሳይቀር። ሊዲያን ታች ቤት ያሉት አስመራዊቷ እማማ ለተብርሃን ይጠብቁልኛል። ሰው ሁሉ ጠንካራ ናት ይለኛል። ጥንካሬ አልነበረም፣ መስፍኔ። ቤት ስገባ ባዶ ወንበርህን ላለማየት ነው የምሮጠው።

የፈረንጆቹ ገና ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ፍራው ሊንደማን የሚባሉ ዘጠና ዓመት የሞላቸው ሴትዮን ሾርባ እያጎረስኩ፣ ማንኪያውን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሴትዮዋ ማንኪያውን ቀስ ብለው ከእጄ ወስደው ሾርባቸውን ራሳቸው ጨረሱ፤ ከዚያም የሚያልፈውን ሰው ሁሉ «እሽሽ!» እያሉ እንቅልፌን ጠበቁልኝ።

የክፍሉ ኃላፊ ቢሮዋ አስጠራችኝ። መባረሬ ነው ብዬ ገባሁ። እሷ ግን ወረቀቴን ዘርግታ፣ «ያልወሰዱት የሦስት ሳምንት ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍት፣ አለዎት። ሄደው ይረፉ። ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይዎት» አለችኝ። ከሥራ ያባረረችኝ ያህል አለቀስኩ።

ማረፍ ግን አልቻልኩበትም። የመጀመሪያውን ቀን መስኮት ስወለውል ዋልኩ። በማግሥቱ ቁም ሣጥን ገለበጥኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ስልክ አንስቼ መሥሪያ ቤት ደወልኩና የቀረ ሠራተኛ እንዳለ ጠየቅሁ። ሊዲያም ትምህርት ቤት ተዘግቶላት ቤት ነበረች፤ ሰማችኝ። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

አንኳኩቼ ስገባ አልጋዋ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። «ማማ» አለችኝ በጀርመንኛ፣ «የፓፓ ድምፅ እንዴት ነበር? እኔ ረስቼዋለሁ።»

ድምፅህን የቀዳንበት አንድ ካሴት እንኳ የለንም። ወፍራም ነበር አልኳት። ደስ የሚል ነበር አልኳት። ይሄ የማንም ድምፅ ነው። እሷም ገብቷታል። «አንቺ ሁልጊዜ ሥራ ነሽ። ታዲያ እኔ ማንን ልጠይቅ?» አለችኝ።

ያን ቀን አጠገቧ ተጋደምኩና እስኪመሽ ስላንተ አወራኋት። ከዚያ ሁለታችንም ተኛን። እኔ እስከ ማግሥቱ እኩለ ቀን ድረስ አልነቃሁም። ከእንቅልፌ ስነሳ ዳቦ ቆርሳ፣ ሻይ አፍልታ ጠበቀችኝ። ከተለየኸን ወዲህ ጣዕሙን ያወቅሁት የመጀመሪያው ምግብ እሱ ነው።

በሳምንቱ «ነይ መዋኛ እንሂድ» አለችኝ። እኔን ታውቀኛለህ። አንተ ጣና ዳር በውሃ ውስጥ ያደግህ፤ እኔ አዲስ አበባ ከወንዝ ራቂ እየተባልኩ ያደግሁ። ስንት ዓመት ለምነኸኝ እምቢ እንዳልኩህ! እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁ ልጃችንን ብቻ ነበር ያስተማርካት። ዘንድሮ ግን እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም። ውጪው በረዶ፣ ውስጡ እንፋሎት፤ በተዋስኩት የዋና ልብስ እያፈርኩ ደረቴ ድረስ ገባሁ።

«በጀርባሽ ተኚ» አለችኝና በትንሽ እጇ ማጅራቴን ደገፈችኝ። እኔ እንደ እንጨት ደርቄያለሁ። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ «አይዞሽ፣ ውሃ ያመነውን አይጥልም» አለችኝ። በአማርኛ፣ መስፍኔ! ያንተው ቃል፣ ያንተው የባሕር ዳር አነጋገር፤ መጨረሻው ላይ ረገብ የምታደርጋት ነገር እንኳ ሳትቀር። ሰውነቴ ሁሉ ተፈታ። እጇን መቼ እንደለቀቀችኝ አላውቅም፤ ጣሪያውን እያየሁ ተንሳፍፌ ነበር።

ስንወጣ ፀጉሯን እያደረቅሁ ያን ቃል ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። «እንጃ፤ ውሃ ውስጥ ስገባ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ» አለች። የረሳችው የመሰላት ድምፅህ እንደሆነ ነገርኳት። ፎጣውን ከእጄ ወስዳ ፊቷን ሸፈነችበት። ከዚያ «ነገም እንምጣ?» አለች።

በእኛ ገና ቤተ ክርስቲያን ስመን መጣን። የቀሩትን ቀናት በላን፣ ተኛን፣ ሄደን ዋኘን። አሁን አራት ክንድ ያህል እሄዳለሁ፤ አትሳቅ።

ሰኞ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ብታየኝ ደስ ይልህ ነበር፤ ባቡሩ ውስጥ አላንቀላፋሁም፣ አዛውንቶቹንም ስማቸውን እየጠራሁ ዕቃዬን ሳላስቀምጥ በየክፍላቸው ዞርኩ። ለኃላፊዋ ግን ከእንግዲህ እሁድ እንደማልገባ ነገርኳት። «ታመሙ እንዴ?» አለችኝ። «የለም፣ ቴርሚን አለኝ» አልኳት።

ቴርሚኔ፣ ቀጠሮዬ፣ ከሊዲያ ጋር ነው። በየእሁዱ ስላንተ አንድ ነገር ልነግራት ቃል ገብቻለሁ፤ ላንተም እንዲሁ ቃሌ ነው። እስከዛሬ ያስታወስኩህ በመድከም ነበር። ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ፣ በደስታ፣ ስምህን እየጠራሁ አስታውስሃለሁ። የሚያልቅብኝ ወሬ እንደሌለኝ አንተው ታውቃለህ።

የፊታችን እሁድ የምነግራት፣ ያን ትልቅ መስታወት ገዝተህ፣ አውቶቡሱ አላስገባ ስላለህ ከሄክስት እስከ ቤታችን ድረስ በደረትህ ታቅፈህ በእግርህ ያመጣህበትን ቀን ነው። እኔ ከኋላህ ስስቅ፣ በመንገዱ ያገኘን ሰው ሁሉ ከፊትህ ቆም እያለ ፀጉሩን አስተካክሎ ያልፍ ነበር።

ያንተዋ ወይንሸት