ሳልህን የሸፈነው መዶሻ

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲያ ስለሚባል ነው። የአገር መሪ ከሆንክ ወዲህ ምንም ለምኜህ አላውቅም። ዛሬ ግን አንድ ሰው እንድትፈታልኝ እጽፍልሃለሁ።

ትናንት ከጽሕፈት ቤትህ አንድ ሱፍ ለባሽ ልብስ ስፌት ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። የሕይወት ታሪክህ በፊልም ሊሠራ ነው አለኝ።

«እትዬ፣ የልጅነት ሕመማቸውን ይንገሩን። ሕዝቡ ያዩትን መከራ ሲሰማ ለምን እንደሚጨክኑ… ማለቴ፣ ለምን ቆራጥ እንደሆኑ ይገባዋል።»

«አይዞህ ልጄ፣ አፍህ አልተሳሳተም» አልኩት። ሻይ እንኳ አላቀረብኩለትም።

እርግጥ ነው፣ ታመህ ነበር። ያቺ አንድ ክፍል ቤታችን ግድግዳዋ በእርጥበት ሻግቶ፣ ደረትህ ሲታፈን ከንፈርህ ይጠቁር ነበር። አባታችን የሌሊት ዘበኛ ስለነበር ቀን ይተኛል፤ ካሳለህ ቀበቶውን ይዞ ይነሳል። እናታችን አፍህ ላይ ትራስ ይዛ «ቻለው የኔ ጌታ፣ በሞቴ ቻለው» ትልሃለች። ይህን አልክድም። ግን እኔም እዚያው አልጋ ላይ ነበርኩ። ሳሉም ቀበቶውም ለሁለታችን ነበር። የኔ ክፋት ቢበዛ፣ በቀጠሮው ያልመጣ ደንበኛ ላይ መነጫነጭ ነው።

ከግድግዳው ማዶ የነበረውን ጫማ ሰፊ መቼም አትረሳውም። ሳልህ ሲነሳ፣ የሚሠራው ጫማ ባይኖረው እንኳ፣ መዶሻውን አንስቶ ባዶ ቆዳ ይቀጠቅጥ ነበር። አባታችን መዶሻውን ለምዶታል፣ አይነቃም። አንተም ትራሱን ገፍተህ እንደልብህ ትስላለህ። አንድ ቀን እናታችን «ወንድሜ፣ ክንድህ ዛለ እኮ» ብትለው፣ «ግዴለም፣ ልጁ ይተንፍስ» ነው ያላት።

ባለፈው ሳምንት ያንን ጫማ ሰፊ፣ የዛሬውን ሽማግሌ፣ ንግግርህን እንዲሰማ ከሰፈሩ ሰው ጋር እየነዱ አዳራሽ አስገቡት። አንተ ስትናገር መሳል ክልክል መሆኑን ሕፃን ያውቃል፤ ሰዉ ሁሉ ከረሜላ ጉንጩ ሥር ወሽቆ ነው የሚገባው። እሱ ግን እርጅና ነውና አሳለው። ንግግርህን አቋረጥክ። ከኋላው ተቀምጬ ሳይህ ነበር። አውቀኸዋል፤ ዓይንህ ፊቱ ላይ ቆየ። ከዚያ በጣትህ በሩን አሳየሃቸው፣ እየጎተቱ ወሰዱት። ንግግርህን ካቆምክበት ቀጠልክ፤ ስለ ርኅራኄ ነበር።

 ቤቴ ገብቼም ያ ጣትህ ከዓይኔ አልጠፋም። ያንን ጣት ነው በታመመ ሳንባህ የምታሳብበው? ሳንባህ ሰውየውን አያውቀውም፣ አንተ ግን ታውቀዋለህ። ውለታ በላ ነህ፤ ለዚህ ደግሞ የሐኪም ምስክርነት አያስፈልግም።

ለሱፍ ለባሹ «ጫማ ሰፊው ተፈትቶ አጠገቤ ከተቀመጠ ሁሉንም እናገራለሁ» አልኩት። «አልሰማሁም እትዬ፣ እርስዎም አላሉም» ብሎ ሹልክ አለ። ለዚህ ነው የምጽፍልህ።

እሑድ እንደገና ትናገራለህ አሉ። እስከዚያ ካልፈታኸው ፊተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ከረሜላም አልይዝም። ሳሌን ታውቀዋለህ፣ አንዴ ከጀመረ አያቆምም። መዶሻ የሚያነሳልኝ ሰው እንደሆነ አንተው ጋ ታስሯል።

ትራስ የተጋራችህ ታላቅ እህትህ