የፎቶው ኮት

ይድረስ በሰው አገር መድረክ ሰው ለምታስቀው ወንድሜ፤ ሰላምታዬ ቀድሞኝ ይግባ። እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል።

ቅዳሜ ከእሷ ጋር አንድ የድሮ ኮሜዲ ፊልም አየን። ሰው አገር ሄዶ ሥራ ያጣ ቀልደኛ ኮት ተውሶ ፎቶ ይነሳና «ተሳክቶልኛል» ብሎ ለእናቱ ይልካል። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እማዬ ግን ተነስታ ኮት ለብሰህ የላክህልንንና ግድግዳው ላይ የሰቀልነውን ፎቶህን ስታይ ቆየች። «ልጄ ሁሉም ያምርበታል» አለችና ምሳዋን ሳትጨርስ ጋደም አለች።

ኮቱ ያምራል። የልብስ ሰፊ ነገር ሆኖብኝ ነው እንጂ እጅጌው ጣትህን መሸፈኑን ማንም ልብ አይልም። ሰሞኑን ሥራ ስለቀዘቀዘ አንድ ልስፋልህ ብያለሁ፤ ልክህን ላክልኝ።

እማዬ አገላብጣ ትስምሃለች።

እህትህ

ወገብህን ግን አሁን ተለካ፤ የድሮውን እንዳትጽፍልኝ።