ስለ ችካል ቁጥር 47 እና በመሬቴ ስር ተገኘ ስለተባለው ገንዳ

ይድረስ ለከርሰ ምድር ነዳጅ ጥናት ማስተባበሪያ ሥራ አስኪያጅ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ ከነባለሙያዎችዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የማይነቃነቅ ይሁንልኝ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከአጋሮ በላይ ባለው የቡና ማሳዬ መካከል የተከላችሁት ችካል ቁጥር 47 በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኝ በከፍተኛ የኃላፊነት ስሜት አስታውቃለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ባለሙያዎችዎ መጥተው፣ ማዳመጫቸውን መሬት ላይ ደርድረው፣ ምድርን በከባድ መኪና እየደበደቡ የሚመለሰውን ድምፅ መዘገቡ። ሲሄዱም “መረጃው እስኪተነተን ማንም እንዳይቆፍር፤ ችካሉ ከቦታው ቢጠፋ ባለይዞታው ይጠየቃል” የሚል ወረቀት ሰጡኝ። ስለተጣለብኝ እምነት እያመሰገንኩ ጥቂት ላመልክት፦

1ኛ. መጸዳጃ ቤታችን ሞልቷል። አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ስለተከለከልን፣ ስድስት ነፍስ ሆነን በየማለዳው ወደ ጎረቤታችን ወደ ከድጃ ግቢ እንሰለፋለን። እሷም ከበሯ ቆማ “ቢስሚላህ፣ ነዳጅ ፈላጊዎቹ መጡ፤ ኦቦ ኤርሲዶ፣ ዛሬስ ወጣ?” ትለኛለች። ባለቤቴ ጽጌ በዚህ አፍራ ከምሳ በኋላ ውሃ መጠጣት ትታለች።

2ኛ. ቢሮዎ ለቀበሌያችን “ከስር ሰፊ ቤዚን መኖሩ ይጠረጠራል” ብሎ ጻፈ። የቀበሌው ጸሐፊ ፍሬዘር፣ ጌታ ይባርከውና፣ ነዳጅ የሚያቁር የምድር ውስጥ ስምጥ ማለት ነው የሚባለውን ቃል ገንዳ ብሎ ተረጎመው። እኔም ያለፈቃድ የምድር ውስጥ ገንዳ ሠርተሃል ተብዬ ተጠራሁ። ከመሬቴ በታች የማውቀው ገንዳ በተራ ቁጥር 1 የተጠቀሰው ብቻ መሆኑን፣ እሱም መሙላቱን አስረዳሁ። ከቃሌ ውስጥ “ሞልቷል” የምትለዋ ብቻ ተመርጣ ለእርስዎ ተላከች፤ እርስዎም በደስታ ክልከላውን በአንድ ዓመት አራዘሙልኝ።

3ኛ. የወንድሜ ልጅ ሠርግ ሆሳዕና ከተማ ነበር። ችካሉን የሚረከበኝ ስላጣሁ ቀረሁ።

ሦስት ሺህ ሜትር ወደ ታች የሚሰማው ጆሮዎ ከመሬት በላይ ያለነውንም አንድ ቀን እንዲሰማ፣ ሦስት ሜትር ብቻ መቆፈሪያ ፈቃድም እንዲሰጠን እየለመንኩ፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር እጅ እነሣለሁ።

የችካል ቁጥር 47 ታማኝ ጠባቂ
ኤርሲዶ

ተጨማሪ፦ ነዳጁ ከተገኘ ድርሻዬን ለከድጃ ይስጡልኝ። በእኛ ምክንያት የእሷም ሊሞላ ነው።

እርማት፦ ችካል ቁጥር 47 በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል የተባለው በስህተት ነው። ደብዳቤውን ፈርሜ ሄጄ ባየው፣ ምስጥ ከውስጥ በልቶ ጨርሶት ወድቋል። ጥናቱ እንዳይስተጓጎል በቦታው እኔ ቆሜያለሁ። ስለዚህ ከላይ “ኤርሲዶ” የሚለው “47” ተብሎ ይነበብ።